የጳጉሜ ስድስት ማር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማር ይዤ ሄድኩ። አጎቴ ከገጠር የላከልኝ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ቅል ሙሉ፣ አፏ በሰም የተደፈነ። "አዲስ ቤት በባዶ እጅ አይገባም" ብሎ ነው የላከልኝ።

በሩን የከፈተችልኝ እኩያዬ የምትሆን ልጅ ናት። ለሰላምታዬ መልስ ሳትሰጥ ቅሏን አየች።

"ምን ይዘሽ ነው?"

"ማር።"

"የመቼ ማር?"

"የዘንድሮ።"

"የለም፣ መረከቢያው መቼ ነው ማለቴ ነው።"

"አሁን ነዋ" አልኩና ቅሏን ዘረጋሁላት።

አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ይግቡ እትዬ፤ ይቅርታ፣ ከትልልቆቹ ደንበኞች መሆንዎን አላወቅሁም" አለችኝ። እኔ ደግሞ አለባበሷን አይቼ የቤቱ ባለቤት እሷ መሰለችኝና "ኧረ እትዬ፣ አይቸገሩ" እያልኩ ጎንበስ አልኩ። መስኮቱ አጠገብ ካለው ባለ ቀይ ትራስ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ውሃ አመጣችልኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አንቱ ስንባባል ቆየን። እሷ ስለ ጉዳዬ እንድነግራት ትጠብቃለች፤ እኔ ሥራ እስክታዘኝ እጠብቃለሁ።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ልሳነወርቅ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሙ።

"ማናህሎሽ፣ ማን ናት?"

"ደንበኛ ናት ጋሼ። ማር ይዛ ነው የመጣችው።"

"የማር ውል?"

"አይደለም። ማር።"

"እንዴት ያለ ማር?"

"ቅል ውስጥ ያለ።"

ጋሽ ልሳነወርቅ ቅሏንም እኔንም ተራ በተራ ካዩ በኋላ "ይቺ አዲሷ ጸሐፊያችን ናት" አሉ። "ከወንበርሽ አስነሻት።"

ተነሣሁ። ወንበሩ የማናህሎሽ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ወንበር ስመኝ ኖርኩ። ሩብ ሰዓት ባልቀመጥበት ኖሮ ምናልባት አልመኘውም ነበር። ቅሏን ማናህሎሽ ከወንበሯ አጠገብ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረቻት። ማንም አልነካትም፤ በዚያ ቤት ማር ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም።

እኛ አገር ትልቁ ንግድ የማር ንግድ ነው። እንዲህ ስል ማሩ ራሱ ገበያ ይወጣል ማለቴ አይደለም። ማር የሚሸጠው ንቡ አበባው ላይ ሳያርፍ ነው። ሻል ያለው ነጋዴ አበባው ሳይፈነዳ ይሸጣል። ከሁሉም የሚከበረው ዝናቡ ሳይዘንብ የሸጠ ነው። ገዢውም ውሉን ለሌላ ሰው ይሸጠዋል፤ ያ የውል ውል ይባላል። ያም ለሌላ ይሸጠዋል፤ የውል ውል ውል ይባላል። ከአባቱ የወረሰውን አምስተኛ ውል በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው በከተማችን ነበር። መነሻው ማር ይሁን ቅቤ የሚያስታውስ ባይኖርም በሰርግም በለቅሶም ከፊት ይቀመጥ ነበር። ማር የሚበላ ሰው ግን አላውቅም። ሳል የያዘው ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣል።

ይህን ሁሉ ውል የሚያዘጋጁ፣ ነጋዴዎቹ ሲጣሉም የሚሟገቱ የሕግ ቤቶች አሉ። አንዱ የጋሽ ልሳነወርቅ ቤት ነው። በቤቱ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፣ ጸሐፊና አንባቢ። ጸሐፊ ውሉን ይጽፋል። አንባቢ በደንበኞች ፊት ቆሞ ያነበዋል። ከውሉ ግርጌ የሚሰፍረው የአንባቢው ስም ነው፤ በሩ ላይ በወርቅ ቀለም የሚጻፈውም የእሱ ነው። የጸሐፊ ስም የትም የለም። ጋሽ ልሳነወርቅ "ቀፎ ላይ የንብ ስም አይጻፍም" ይላሉ።

ንባቡ ሲያልቅ ሻጭና ገዢ አንድ ባዶ የእንጨት ማንኪያ ተራ በተራ ይልሱና "ጣፈጠ" ይላሉ። ውሉ የሚጸናው በዚህ ነው። ማንኪያው ማር ነክቶት አያውቅም፤ ቢነካው ረክሷል ተብሎ ይጣላል።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሕግ ስማር ለአንድ ውል ሁለት ሰዎች፣ አንድ ነገርና አንድ ቀን ያስፈልጋሉ ተብዬ ነበር። እዚህ ስመጣ ነገሩ የግድ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ሁለቱ ሰዎችና ቀኑ ስላሉ ግን አልከፋኝም።

እኔ እጽፋለሁ፣ ማናህሎሽ ታነባለች። እኔ ስጽፈው ደረቅ የነበረ ዓረፍተ ነገር እሷ አፍ ሲገባ ይለመልማል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ስለሚሰበሩ እንስራዎች የሚደነግገውን አንቀጽ ስታነብ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አለቀሱ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ማንም አላለቀሰም።

አልጠላትም ነበር። ምሳዋን ምን እንደምትበላ፣ ጫማዋን በየትኛው ቀን እንደምታስጠርግ፣ ስትስቅ ራሷን በየትኛው ትከሻዋ በኩል እንደምትጥል አውቅ ነበር። ይህ ጥላቻ ካልሆነ ምን እንደሚባል ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ስሜ እታፈራሁ ነው፤ እሷ "እቴ" ትለኛለች። "እቴ፣ ይቺን ነገር እንዴት አድርገሽ አሳመርሻት!" ትለኛለች፣ ለብቻችን ስንሆን። በሰው ፊት ጸሐፊን ማመስገን ደንቡ አይፈቅድም። እኔ ፈገግ እላለሁ። በፈገግታ ጎበዝ ነበርኩ። ቤቴ ስገባ መንጋጋዬን ያመኛል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ወይዘሮ ሙላቷ የተባሉ ትልቅ ገዢ ከሻጩ ከአቶ ጫንያለው ጋር ስለ መቶ ጉንዶ ማር ሊዋዋሉ ወደ ቤታችን መጡ። ወይዘሮ ሙላቷ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ሳቃቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው የማናህሎሽን አገጭ ይዘው "አንቺን የወለደ ማኅፀን ይባረክ!" ይሏታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው "ይቺኛዋስ? አትናገርም?" አሉ።

"ትጽፋለች" አለች ማናህሎሽ።

"አዬ፣ እሷማ ምን ትሁን" አሉና ወደ ሳቃቸው ተመለሱ።

እኔ ውሉን ጀምሬያለሁ። እኛ ቤት አዲስ ውል አይፈጠርም፣ ከአሮጌ ይገለበጣል። አሮጌ ውል ብዙ ሰው ያነበበው ስለሆነ አይሳሳትም ይባላል። እኔም ያለፈውን ዓመት ውል ከመደርደሪያው አውርጄ ስምና መጠን እየለወጥኩ እገለብጣለሁ። መረከቢያው ቀን ላይ ስደርስ ዐይኔ የማናህሎሽ አገጭ ላይ ነበር። አሮጌው ውል ጳጉሜ ስድስት ይላል። እኔም ጳጉሜ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

እንደሚታወቀው ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ያለፈው ዓመት ስድስት ነበረች። ዘንድሮ አምስት ናት።

ማናህሎሽ ቆማ አነበበችው። "ጳጉሜ ስድስት" የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ትንሽ ረገብ አደረገችው፤ ወይዘሮ ሙላቷ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ልሳነወርቅ ማኅተም አደረጉበት። ማንኪያው ተላሰ። "ጣፈጠ" ተባለ። አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን የሌለ ቀን ሰማን፣ አንዳችንም በጣታችን አልቆጠርንም። ወይዘሮ ሙላቷ ያንኑ መቶ ጉንዶ ለሌሎች ቃል ገቡበት፣ ሌሎቹም ለሌሎች። ክረምት ሲገባ የከተማው ግማሽ ያንን ማር ይጠብቅ ነበር።

ጳጉሜ አምስት መሸ። ሲነጋ መስከረም አንድ ሆነ።

ወይዘሮ ሙላቷ አቶ ጫንያለው ደጅ ሄደው፣ እንኳን አደረሰዎ ሳይሉ "ማሬስ?" አሉ።

"ቀኑ መቼ ደረሰና?"

"አንቱ ሰውዬ፣ ዓመቱ እኮ አለቀ!"

"ይለቅ። እኔ የፈረምኩት ስለ ጳጉሜ ስድስት ነው። ጳጉሜ ስድስትን አይተዋታል? እኔ አላየኋትም።"

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ወደ ቤታችን መጡ። የጋሽ ልሳነወርቅ ቤት ደንበኛ አይመልስም። ባላጋራዎች ሁለቱም የቤቱ ደንበኞች ሲሆኑ በአዳራሹ መካከል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ይዘረጋል። በሕጉ መሠረት ከመጋረጃው ወዲያ የተነገረ ወዲህ አይሰማም። ጨርቁ ስስ ነው። ከወዲያ ሰው ሲያስነጥስ ከወዲህ ያለው "ይማርህ" ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ይገጥማል። ጋሽ ልሳነወርቅ ወንበራቸውን ልክ ከመጋረጃው ሥር ያደርጋሉ፤ ጨርቁ አናታቸው ላይ ያርፍና ለሁለት ይከፍላቸዋል። ቀኝ ጆሯቸው የገዢ ነው፣ ግራ ጆሯቸው የሻጭ። ራሳቸውን ሲነቀንቁ ለማን እንደነቀነቁ ስለማይታወቅ ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ይሄዳል።

ማናህሎሽ በመስኮቱ በኩል ስለሆነች ለወይዘሮ ሙላቷ ተመደበች። እኔ በጓዳው በኩል ነኝና ለአቶ ጫንያለው ሆንኩ። ሌላ አንባቢ ስላልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ በዳኞች ፊት እንድቆም ተፈቀደልኝ። ጋሽ ልሳነወርቅ በሁለቱም በኩል እንዲሰማ ጮክ ብለው ተናገሩ።

"ልጆቼ፣ ያሸነፈች በመስኮቱ ወንበር ትቀመጣለች። የተሸነፈች ስሟ ከበሩ ይፋቃል።"

የእኔ ስም በሩ ላይ አልነበረም።

አቶ ጫንያለው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ቀጭን፣ ጢማቸውን የሚያኝኩ ሰው ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ድምፅ አለሽ?"

"አለኝ።"

"ምን አልሽ?"

"አለኝ አልኩ።"

"እንግዲህ እሱ ያውቃል። ስሚኝ፣ ማር የለኝም። መቶ ጉንዶ ቀርቶ መቶ ንብ የለኝም። ቀፎዎቼን አምና ለማንኪያ ሠሪዎች ሸጥኳቸው፤ ውል በዝቶ ማንኪያ ጠፍቶ አልነበር? ጥሩ እንጨት ነው አሉኝ።"

"ቀፎዎቹን በሙሉ?"

"አንዱን ለዶሮ አስቀርቻለሁ። እና ያ ቀን እንዳልመጣ አድርጊልኝ።"

"ቀኑ እኮ አልመጣም።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

ሲወጡ ውሉን ከሣጥኑ አወጣሁ። ጳጉሜ ስድስት የሚለው በእኔ እጅ ተጽፎ እዚያው አለ። ከግርጌው የማናህሎሽ ስም አለ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ቢሆን ለመናገርም በቀለለኝ ነበር። ደስታ ነበር። ስሜ የለበትም ብዬ የተቃጠልኩበት ወረቀት፣ አሁን ስሜ ስለሌለበት ደረቴ ላይ አስደገፍኩት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኞቹ ሄደው፣ ጋሽ ልሳነወርቅም ለጸሎት ወጥተው፣ አዳራሹ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። የመስኮቱ ብርሃን ጥላዋን መጋረጃው ላይ ጥሎታል። እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

"እቴ" አለች።

መጻፌን ቀጠልኩ።

"እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ብዕርሽ ይሰማኛል።"

ብዕሬን ከወረቀቱ አነሣሁ።

"ቀኑን አየሁት። የአንቺ ጽሑፍ ነው። እኔም አፌን ሞልቼ አንብቤዋለሁ፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ለጋሼ አብረን እንንገራቸው። ሁለት ሆነን ከቀረብን ይቅር ይሉናል፤ እሳቸው የሚጨክኑት አንድ ሰው ሲያገኙ ነው። እኔ ብቻዬን ብናገር ደግሞ በጸሐፊዋ ላይ አላከከች ይባላል።"

ከውጭ አንድ ሰው ማንኪያ እየጠራ ሲሸጥ አለፈ።

"ስሟ የተፋቀ አንባቢ የትም ቤት አይቀበላትም፣ ታውቂያለሽ። እቴ? ኧረ እባክሽ፣ ቢያንስ ጉሮሮሽን ጥረጊልኝ። ትሰሚኛለሽ?"

በሕጉ መሠረት አልሰማኋትም። ሕግ ማክበር እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

የገበያው ዳኞች ሦስት ናቸው። አንዱ ማር ቀምሶ የማያውቅ፣ አንዱ ማር የማይወድ፣ አንዱ ደግሞ ማር የሚያሳክከው ሰው መሆን አለበት። አድልዎ እንዳይኖር ነው።

ማናህሎሽ ቀድማ ቆመች። ስለ ቃል ተናገረች፣ ሰው ሰውን ስለሚያምንበት ነገር፣ ስለ ባዶ ማንኪያ ክብር። ቀኑን አንድ ጊዜም አልጠራችውም፤ በዙሪያው እንደ ጉድጓድ ዞራ ዞራ አለፈችው። የሚያሳክከው ዳኛ ማከኩን ትቶ አዳመጣት። መሬቱ ከሥሯ እየሸሸ እንኳን ታምር ነበር። ይህን ሳይ የቀረችኝ ትንሽ ርኅራኄ ጠፋች።

እኔ ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

"ጳጉሜ ስድስት በውሉ ዓመት የለችም።"

"ምን አለች?" አለ ማር የማይወደው ዳኛ።

"ቀኑ የለም ነው የምትለው!" ብለው አቶ ጫንያለው ከኋላዬ ጮኹልኝ።

የቀን መቁጠሪያ መጣ። ዳኞቹ ተደፍተው በጣታቸው ቆጠሩ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሦስቱም አምስት ላይ ቆሙ።

"ይህን ውል ማን ጻፈው?" አለ ማር ቀምሶ የማያውቀው።

ማናህሎሽ ወደ እኔ ዞረች። ዳኞች ፊት መጋረጃ የለም። ብትናገር እሰማታለሁ፣ ብናገርም ትሰማኛለች። ዐይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሣሁም። የጫማዬ ክር ተፈቶ ነበር።

"ስሜ ነው ያለው" አለች።

ዳኞቹ ለፍርድ ሦስት ቀን ቀጠሩ። የእኛ ቤት ግን አልጠበቀም። በዚያው ከሰዓት በኋላ ስሟ ከበሩ በቢላዋ ተፋቀ፤ የወርቁ ብናኝ ደጃፉ ላይ ቀርቶ በሰው ጫማ ወደ ከተማው ተወሰደ። ማናህሎሽ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ የምሳ ሳህኗን ይዛ ወጣች። ደህና ሁኚ አላለችኝም። ብትለኝ ምን እንደምመልስ አዘጋጅቼ ስለነበር ትንሽ ቅር አለኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንዳሰብኩት አልነበረም። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ያነክሳል። ማናህሎሽ ያን ሁሉ ጊዜ ቀጥ ብላ የተቀመጠችው በጉልበቷ ሚዛኑን እየጠበቀች ኖሯል። እኔ በሞከርኩ ቁጥር ወደ መስኮቱ ያዘነብልብኛል። ወይዘሮ ሙላቷ ሲያልፉ አይተውኝ "ውይ፣ ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የምትወዛወዘው?" አሉ።

በሁለተኛው ቀን ወንበሩ አዘንብሎ ክርኔ ቅሏን ነካት። አነሣኋት። ሰሙ አልተነካም፣ ማሩ እንዳለ ነው። ከሥሯ አንድ ቁራጭ ወረቀት ተጣብቋል። በማናህሎሽ እጅ "የእታፈራሁ ነው። እንዳይነካ" ይላል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ሦስት ዓመት እዚያ የኖረ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነበር። ቅሏን መልሼ አስቀመጥኳትና ወንበሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞርኩት።

በሦስተኛው ቀን ፍርዱ ተነበበ።

"ጳጉሜ ስድስት በውሉ ዓመት አለመምጣቷ ተረጋግጧል። ሆኖም ያልመጣ ሁሉ ቀርቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሻጭ አላጠፋም፣ ገዢም አልተበደለችም። ውሉ እንደጸና ሆኖ፣ ጳጉሜ ስድስት እስክትሆን ድረስ ሦስት ዓመት ይጠበቅ።"

ከተማርኩት ውስጥ ነገሩ ድሮ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ቀኑም ቀረ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ግን በሩ ላይ ተቃቅፈው ይሳሳሙ ነበር።

"ሦስት ዓመት!" ይላሉ አቶ ጫንያለው። "ሦስት ዓመት ሙሉ ማሬስ የሚለኝ የለም!"

"እኔንስ ማን ይለኛል!" ይላሉ ወይዘሮ ሙላቷ።

እኛ ቤት ሳንደርስ ወሬው ገበያ ገባ። እስከዚያን ቀን ውል ሁሉ ክፉ ጎን ነበረው፤ ቀኑ ይደርሳል። አሁን ግን ቀኑ የማይደርስ፣ በዳኞችም የጸደቀ ውል ተገኘ። ከቀትር በፊት ደጃችን ላይ ሰልፍ ነበር።

"የዚያችን ልጅ ውል ስጡን!"

"የቷን ልጅ?"

"የጳጉሜዋን!"

እዚያው መስኮት አጠገብ ነበርኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ከዚያ ጋሽ ልሳነወርቅ ኮታቸውን ሲለብሱ አየሁ። ማናህሎሽን ራሳቸው በእግራቸው ሄደው አመጧት። ስሟ በሩ ላይ እንደገና ተጻፈ፣ ከበፊቱ ተለቅ ብሎ። ወደ እኔ መጡና ሥራ በጀመርኩበት ዕለት በነበረው ድምፅ "ከወንበሩ ተነሽ" አሉኝ።

መጋረጃው ገና አልተነሣም ነበር። እሷ በመስኮቱ በኩል ገባች፣ እኔ ወደ ጓዳው በኩል አለፍኩ። ደንበኞች ሁሉ በእሷ በኩል ሞልተዋል። በእኔ በኩል የጋሽ ልሳነወርቅ ግራ ጆሮ ብቻ አለ።

"ልጄ፣ እስቲ ለሁላችንም ንገሪን" ሲሉ ሰማሁ፣ በሕጉ ባልሰማም። "ይህን የመሰለ ነገር እንዴት አሰብሽው?"

ጥላዋ ወደ መጋረጃው ዞረ። አንድ ሰው ውሃ ለመጠጣት የሚፈጅበትን ያህል ቆየች።

"ስሜ ነው ያለው" አለች።

ጭብጨባው ጨርቁን አወዛወዘው። "ትሕትናዋን ተመልከቱልኝ!" ይላሉ ወይዘሮ ሙላቷ። ያን ጊዜ ውስጤ የገባውን ነገር በጥሩ ቃል ልጽፈው ብዙ ሞክሬ አልቻልኩም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያ ስሕተት ስፈራው የእኔ ነበር፣ ስደብቀውም የእኔ ነበር፤ አሁን በሰው እጅ ሆኖ ሲያበራ አየሁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ እንደ ልማዱ አልወጣም። ተነሣሁ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት! ጳጉሜ ስድስትን የጻፍኳት እኔ ነኝ! ተሳስቼ ነው! የእኔ ስሕተት ነው!"

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ከወዲያ በኩል ጭብጨባው ተቋረጠ። አንድ ሰው አስነጠሰ። ጋሽ ልሳነወርቅ ግራ ጆሯቸው ቀላ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ ወይዘሮ ሙላቷ ሌላ ወሬ ጀመሩ።

በማግስቱ ከምሳ ስመለስ ቅሏ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። ሥሯን ገልብጬ አየሁ። ወረቀቷ የለችም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጫንያለውና ወይዘሮ ሙላቷ አዲስ ውል ሊዋዋሉ መጡ። ሦስት ዓመት አጭር ሆኖባቸዋል፤ ጳጉሜ ሰባት ይሁንልን አሉ። የዘመን ቆጠራ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጳጉሜ ሰባት በስድስት መቶ ዓመት አንዴ ትመጣለች የሚባል ነገር አለ ቢሏቸው፣ ሁለቱ ተያዩና "እሷም መድረሷ ነው" አሉ። ጋሽ ልሳነወርቅ በመጋረጃው ሥር ወረቀት አሾለኩልኝ። ስለዚህ ጳጉሜ ስምንት ብዬ በጥሩ ጽሑፍ ጻፍኩላቸው። ማናህሎሽ ተነሥታ አነበበችው፣ ከሥሩም ስሟን አኖረች፤ ሻጭና ገዢም ማንኪያውን ልሰው "ጣፈጠ" አሉ።